ሺንላ ቤልታር የሆነበት ዓመት

አሥራት ደምሰው በእጁ የሚኮራ ሰው ነበር። ሶማሌ ተራ ባትላሜራ ያስተማረው ባለሙያ ገና በሃያ ዓመቱ «ይሄ ልጅ ብረት ይሰማዋል» ብሎ መስክሮለታል። የተጨማደደ ኮፈን፣ የተጣመመ በር፣ ግድግዳ የመታ ፓራውልት አምጥተው ፊቱ ሲጥሉለት፣ ከጀርባ በእንጨት ደግፎ፣ ከፊት በትንሿ መዶሻ ቀስ እያለ አቃንቶ፣ ስቱኮ ለብጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀለም ሲነፋበት ባለቤቱ ራሱ መኪናው የት ጋ ተመቶ እንደነበር ይጠፋዋል። ያኔ አሥራት እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በል አግኘው!» ይላል። አግኝቶት የሚያውቅ አልነበረም።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የነበረው ቤታቸው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከሚስቱ ከብርቅዬና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሰበታ ወርዶ ቤት ተከራየ። ጥቂት ወራት እንደቆየ በጅማ መንገድ ላይ ያለ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ በኮንትራት ቀጠረው። ፋብሪካው ሺንላ የሚባል የቤት መኪና ከውጭ በሳጥን ተበታትኖ ሲመጣለት እየገጣጠመ ይሸጣል። የአሥራት ሥራ በመርከብና በከባድ መኪና ሲንገላታ የተጎዳውን ብረት ማቃናት ነው። ውሉ በየስድስት ወሩ ይታደሳል። በየስድስት ወሩም አሥራት «አሁንስ ያሰናብቱኝ ይሆን?» እያለ ምግብ አይበላለትም።

የተከራየው ቤት ከኦቦ ዱቤ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። ኦቦ ዱቤ በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን የወሰደባቸው፣ እዚያው ሰበታ ተምረው፣ ሠላሳ ዓመት ለዓይነ ስውራን ልጆች ብሬል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጨዋታ ይችሉበታል። በየሱቁ ግድግዳ «ዱቤ ነገ» ተብሎ መለጠፉን ሰው ካነበበላቸው ጊዜ ጀምሮ ሱቅ በገቡ ቁጥር «ዱቤ ዛሬም መጥቷል!» እያሉ ባለሱቁን ያስቁታል። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «አከም ቡልቴ፣ አሥራት?» ብለው እንዴት እንዳደረ ይጠይቁታል። እሱም «ነጋ፣ ኦቦ ዱቤ» ብሎ ደህና ማደሩን ይነግራቸዋል። ከዚህ ያለፈ ኦሮምኛ ለመልመድ ዓመታት ፈጀበት፤ እሳቸው ግን ሲሳሳት ሳይስቁበት ያርሙታል። ብርቅዬ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ልጆቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ የበሉትም ያደሩትም እሳቸው ቤት ነው። አሥራት ይህን አይረሳም ነበር።

ሺንላ የተሸጠው በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር በየሻይ ቤቱ ተነስቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ በተባለበት ሰሞን ነው። ወሬውን ወደ ፋብሪካው ያመጣው ብየዳ ክፍል የሚሠራው ሀሰኖ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ መጣ።

«ጉድ ሰማችሁ? ሺንላን ቤልታር ገዛው።»

«ቤልታር ደግሞ ማን ነው?» አለው አሥራት።

«የሱ እጥፍ የሆነ የመኪና ኩባንያ ነዋ። ገዝቶም አላበቃም፤ ስሙን ሊያጠፋው ነው። ከእንግዲህ ሺንላ የሚባል መኪና አይመረትም።»

አንዱ ሠራተኛ «ኩባንያ እንደ በግ ይሸጣል እንዴ?» ብሎ አላምን አለ። ሀሰኖ እንዲህ ያለውን ነገር ሲለቃቅም የሚውል ሰው ነውና ጣቱን እያጠፈ ቆጠረለት። ቮልቮን ቻይና ገዝቶታል። ጃጓርን ህንድ ገዝቶታል። «እነሱ ግን ባለቤታቸው ተቀየረ እንጂ ስማቸው ቀርቶላቸዋል። የኛው ስሙም ሊሄድ ነው! እኛ አገር ሴት ልጅ እንኳ ስታገባ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ ሺንላ ምን አጥፍቶ ነው?»

ሁሉም ሳቀ። አሥራትም ከት ብሎ ሳቀ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፎርማኑ ፈቀደ አሥራትን ጠርቶ ወደ ኋለኛው ግቢ ወሰደው። ያልተሸጡ ሰባ አንድ ሺንላዎች አቧራ ለብሰው ቆመዋል።

«አርማውን ትነቅላለህ፤ ቀዳዳውን ትደፍናለህ፤ ይሄን ትለጥፋለህ» አለው፤ ከካርቶን አንድ አዲስ አርማ አውጥቶ እያሳየው።

የሺንላ አርማ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ነች። ሁለት የብረት እግሮቿ የኋላውን ኮፈን በስተው ይገባሉ። የቤልታሩ አርማ ግን ቀጭን ነው፤ በማጣበቂያ ብቻ ነው የሚለጠፈው፤ የወፏን ቀዳዳዎች አይሸፍንም። ሥራው ባትላሜራ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

አሥራት አርማውን አገላበጠው። ከዚያ፦ «ፈቀደ፣ ውስጡ እኮ ያው ሺንላ ነው። የቤልታር ሞተር ሌላ ነው ይላሉ። የገዛው ሰው መለዋወጫ ከየት ሊያመጣ ነው?»

«ኩባንያው አንድ ሆኗል። ባለቤት የገዛው ነገር ላይ ስሙን ቢጽፍ ማን ይከሰዋል?» አለ ፈቀደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ሺንላ ብለን ብናወጣቸው ‹የሞተ ማርካ ነው› ብሎ ማንም አይነካቸውም። እዚህ ዝገው ይቀራሉ። እኔም አንተም ቤታችን እንገባለን። ይልቅ ሥራውን አሳምረውና ቋሚ ትሆናለህ፤ ለአስተዳደር ነግሬልሃለሁ።»

ቋሚ። አሥራት ይህን ቃል ለሦስት ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

በሩ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ወፎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨመራቸው። ቀዳዳዎቹን ደፈነ፣ ፈቀ፣ ቀባ። መዳፉን እያንሸራተተ የደፈነውን ቦታ ራሱ ሲያጣው፣ እንደ ሶማሌ ተራው ዘመን «በል አግኘው!» ሊል ይቃጣዋል፤ የሚሰማው ሰው ግን አጠገቡ የለም። በመጨረሻው ሳምንት ፈቀደ ቀን ቆርጦ ስላጣደፈው ስቱኮው በወጉ ሳይደርቅ የተፈቀ ጥቂት ነበር። በሐምሌ ቋሚ ሆነ። ብርቅዬ ዶሮ ሠራች፤ ለኦቦ ዱቤም ድርሻቸው በአጥሩ ላይ ተላከላቸው።

በ2007 ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት ኦቦ ዱቤ አጥሩን ተደግፈው ጠሩት።

«አሥራት፣ ያባቴ መሬት ጎማ አውጥቶ ሊሄድ ነው!»

አሥራት አልገባውም። እሳቸው እየሳቁ አስረዱት። ከመንገዱ ማዶ የነበረችው ያባታቸው እርሻ ለመጋዘን ተወስዳ፣ ካሳው እስካሁን ሳይነካ ተቀምጧል። አሁን ለልጃቸው ለብዙነሽ መኪና ሊገዙበት ነው። ብዙነሽ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ጠዋትና ከሰዓት ተማሪ ታመላልሳለች፤ በመሃል ኮንትራት ትሠራለች።

«ሰው ሁሉ ያገለገለ የጃፓን መኪና ግዙ ይለናል» አሉ። «እኔ ግን የማውቀው ሰው የሚሠራው እያለ የማላውቀውን ለምን እገዛለሁ? የናንተውን ነው የምገዛው። ቤልታር ነው አይደል ስሙ?»

 አሥራት ማለት የነበረበት ነገር ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ፈቀደን አሰበ፤ ፊርማው ገና ያልደረቀውን የቋሚነት ደብዳቤ አሰበ።

«ትንሽ ቢቆዩስ፣ ኦቦ ዱቤ? ሌላ ሞዴል ይመጣል ይባላል።»

«በኔ ዕድሜ ቆይ ይባላል?» ብለው ሳቁና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ቅዳሜ ዕለት ከብዙነሽ ጋር ፋብሪካው መግቢያ ላይ ወዳለው የሽያጭ አዳራሽ መጡ። አሥራት እንዳያገኛቸው ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ነበር፤ ኦቦ ዱቤ ግን «አሥራትን ጥሩልኝ፣ ያለ እሱ አልገዛም» ብለው አስጠሩት። ሲደርስ የሽያጭ ኃላፊው ባርናባስ ክራቫቱን እያስተካከለ ስለ መኪናው ያስረዳቸዋል። ፈቀደ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አሉት ኦቦ ዱቤ ባርናባስን። «አንተ በአፍህ አሳየኸኝ። አሁን እኔ በእጄ ልየው።»

ከፊት ጀመሩ። ጣቶቻቸው በኮፈኑ ላይ፣ በመስታወቱ ጠርዝ፣ በበሩ እጀታ ላይ ሳይቸኩሉ ሄዱ። ሌሎች ገዢዎች ሳይቀሩ ወሬያቸውን አቁመው ያዩአቸው ጀመር። ኋላ ደረሱ። የቤልታርን አርማ ዳበሱ። ከአርማው ትንሽ ዝቅ አሉና ቆሙ። ጣታቸውን አነሱ፤ እንደገና አሳረፉ።

«አሥራት።»

«አቤት።»

«እዚህ ጋ ምን ነበረ?»

ብዙነሽ ጎንበስ ብላ አየች። «አባዬ፣ ምንም የለም። ልሙጥ ነው።»

«ሁለት ቦታ ነው፤ እንደ ነጥብ። ብረቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አይቀዘቅዙም።»

ባርናባስ ወደ አሥራት ዞረ። ፈቀደም አየው። አሥራት ያን ጊዜ የተናገረው ንግግር ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ጆሮው ላይ እንደጮኸ እሱ ነው የሚያውቀው።

«ቀለም ነው፣ ኦቦ ዱቤ። ሲነፋ አንዳንድ ቦታ ይወፍራል። ዛሬ ብርድ ስላለ ይሆናል፤ ጣትዎ እንዳይሳሳት።»

ኦቦ ዱቤ ሌባ ጣታቸውን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው አሹት።

«ይሆናል» አሉ። «አርጅቷል መሰለኝ። ድሮ እንዲህ አልነበረም።»

መኪናውን ገዙ።

በዚያች ሰዓት አሥራት የተሰማው እፎይታ ነው። ሐፍረቱ የመጣው ቆይቶ፣ ወደ ቤት ሲሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ ተቀምጦ ነው። አጠገቡ የነበረችው ሴት «አሞሃል እንዴ?» እስክትለው ድረስ ላብ አጥምቆት ነበር።

ብዙነሽ ሥራዋን ጀመረች። መንገድ ላይ ስታገኘው ታቆምና «ና ግባ አሥራት፣ ያንተው መኪና ነው!» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ወይ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ወይ በእግሩ መሄድ ፈልጓል። ሰባት ወር ያህል መኪናው በደህና ሄደ። በግንቦት የነዳጅ ፓምፑ ተበላሸ። ጋራዥ ስትወስደው የቤልታር ፓምፕ አምጥተው ሞከሩ፤ አልገጥም አለ። ሌላ አስመጡ፤ እሱም አልገጠመም። መካኒኩ ራሱን እያከከ «እንዲህ ያለ ቤልታር አይቼ አላውቅም» አላት።

ብዙነሽ ወደ ማን ትሂድ? ወደ አሥራት መጣች። አሥራትም እውነቱን በመንገር ፈንታ ሶማሌ ተራ ወደሚያውቀው ሰው ላካት። ሰውየው የሌላ መኪና ፓምፕ አስተካክሎ ገጠመላት። ተመልሳ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ብላ አመሰገነችው። አሥራት እንዲህ ያለ ምስጋና ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደሚያቃጥል ያን ቀን አወቀ። ፓምፑ ግን በየወሩ ይቆማል፤ ብዙነሽም በየወሩ ትመጣለች። አሥራት ከሥራ ሲመለስ በኦቦ ዱቤ በር ማለፉን ትቶ በወንዙ በኩል መዞር ጀመረ። ጠዋት «አከም ቡልቴ?» ሲሉት ከቤት ሳይወጣ በመስኮት ይመልሳል። ብርቅዬ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላታል።

2008 ገባ። ኅዳር ላይ ጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ከተማ ለከተማ እየዘለለ በታኅሣሥ ሰበታም ደረሰ። ማስተር ፕላኑ ይቅር የሚለው ጩኸት መጀመሪያ ከተማሪዎቹ፣ ኋላ ከሁሉም ቤት ወጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብዙነሽ አራት ተማሪዎች ይዛ ከዓለም ገና ስትመለስ ከፊት ጎማ ሲቃጠል አየች። ሌሎቹ መኪኖች ዞረው አመለጡ። እሷም ልትዞር ስትል ሞተሩ ጠፋባት። ብታስነሳው፣ ብታስነሳው እምቢ አለ። ጥይት ሲሰማ ልጆቹን አውርዳ፣ እጅ ለእጅ አያይዛ፣ በእርሻ መሃል አቆራርጣ በእግሯ ገባች። በማግስቱ ሰፈርተኛው መኪናውን እየገፋ አመጣላት። መስታወቱ ረግፏል፤ የኋላው ኮፈን በድንጋይ ጎድጉዷል።

በአካባቢው ያለ ባትላሜራ አሥራት ነው። ኦቦ ዱቤ በአጥሩ ላይ ጠሩት። በዚያ ሳምንት ፋብሪካው ተዘግቶ ስለነበር ሥራ ላይ ነኝ ማለት አልቻለም። መዶሻውን ይዞ ሄደ።

ገና ግቢ ሳይገባ አየው። ድንጋዩ ያረፈው ከአርማው ሥር ነው። ስቱኮው እንደ ቅርፊት ተነስቶ ወድቋል፤ ሁለቱ የወፏ ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተዋል። ብዙነሽ እሱ ከመድረሱ በፊት አይታቸው ነበር።

«ይሄ የድንጋይ አይደለም» አለችው። «በመሰርሰሪያ የተበሳ ነው። ምንድን ነው፣ አሥራት?»

አሥራት መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ወደዚያ ውሰጂኝ» አሉ ኦቦ ዱቤ። ክንዳቸውን ይዛ አደረሰቻቸው። ጣታቸው ሳይፈልግ፣ ሳይዳብስ፣ ባለፈው ዓመት ያረፈበት ቦታ ላይ አረፈ። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።  አሥራት ይጮሁብኛል ብሎ ጠበቀ።

«አሥራት» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እኔ እኮ ጣቴን ተጠራጥሬ ነበር።»

«ኦቦ ዱቤ...»

«ቆይ። ክረምት ላይ ከትምህርት ቤት ሰዎች መጥተው፣ አዲስ የገቡ ልጆች አሉ፣ ፊደል ማስጀመር ያግዙን ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኳቸው። ጣቴ አይታመንም፣ ልጆቹን ስህተት አስተምራቸዋለሁ አልኩ። መጽሐፍም ስይዝ፣ እንዲህ ነው ያለው ወይስ ጣቴ ነው እያልኩ አጥፈዋለሁ። ዓመት ሆነኝ። ሌላ የማይበት የለኝም፤ ታውቃለህ።»

 አሥራት መዶሻውን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ሺንላን፣ ቤልታርን፣ መጋዘኑን፣ ከረጢቱን፣ የቋሚነቱን ደብዳቤ። ፈቀደ አዘዘኝ ብሎ ጀምሮ ነበር፤ መሃል ላይ ግን ያ ወሬ ራሱን አስጠላውና «እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ለእርስዎም ፊት ለፊት የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጨረሰ።

ብዙነሽ ጮኸችበት። «ሶማሌ ተራ ስትልከኝስ? ‹ተባረክ› እያልኩህ ስሄድ ምን ትል ነበር በሆድህ? አራት የሰው ልጅ ይዤ እሳት ፊት ነው የቆመብኝ! ሰፈሩ ይወቀው! አሁን ወጥቼ ነው የምናገረው!»

«ብዙነሽ፣ ማሎ፣ እባክሽ ተይ» አሏት አባቷ።

«ለምን ይደበቅለታል?»

«ሰሞኑን ሰው ምን ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ። ‹መጤው የገበሬውን ካሳ በላ› የሚል ወሬ ከዚህ በር ከወጣ ነገሩ የመኪና ሆኖ አይቀርም። ይሄ ሰው ልጆች አሉት። እዚህ ቤት ያደሩ ልጆች ናቸው።» ፊታቸውን ወደ አሥራት ድምፅ መለሱ። «አንተም ለማንም እንዳትናገር። ለብርቅዬም ቢሆን። ጊዜው እስኪያልፍ።»

አሥራት በጥፊ ቢመቱት፣ በዱላ ቢያባርሩት ይመርጥ ነበር። እሱ ያዋረዳቸው ሰው ከሰው አፍ ሊሸሽጉት ገመናውን ተሸከሙለት። ብዙነሽ ጥላው ወደ ቤት ገባች፤ በሩን በኃይል ዘጋችው።

«ኮፈኑን ላቃናልዎት» አለ አሥራት።

«አቃናው። ቀዳዳዎቹን ግን አትድፈናቸው።»

ሁለት ቀን ሠራ። ዝናብ እንዳያስገቡ ከውስጥ በኩል ጎማ ወተፈባቸው፤ ከውጭ እንዳሉ ተዋቸው። በሁለቱም ቀን ብዙነሽ ውሃ እንኳ አላቀረበችለትም። ኦቦ ዱቤ ግን ወንበር አውጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስለ ተራ ነገር፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እህል ዋጋ አወሩት። እሱ «አዎ» እና «ልክ ነው» ከማለት በቀር አንደበቱ አልፈታ አለው።

በጥር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ነገሩ ፈጽሞ ባይበርድም መንገዱ ተከፈተ፤ ፋብሪካውም ሥራ ጀመረ። በመጋቢት መጀመሪያ አሥራት ራሱ ወደ አጥሩ ሄዶ ኦቦ ዱቤን ጠራቸው።

«ድርጅቱ ዘንድ አብሬዎት እሄዳለሁ። ያደረግኩትን በአፌ እናገራለሁ።»

«ሥራህስ?»

«ይቅር» አለ። ድምፁ ግን እንደ ቃሉ ደፋር አልነበረም።

ባርናባስ ቢሮው ውስጥ አስቀምጦ ሰማቸው። ከሰማ በኋላ እንደ ትምህርት ቤት አስተማሪ ማስረዳት ጀመረ።

«አባቴ፣ ይሄ የውጭ ኩባንያዎች ጉዳይ ነው። ቤልታር ከሺንላ የገዛው ፋብሪካውን፣ መሬቱንና ማሽኑን ነው። ሺንላ ለገዢዎቹ የገባውን ቃል አልገዛም።»

«ቃሉን ማን ገዛው ታዲያ?» አሉ ኦቦ ዱቤ።

«ማንም።»

«የዋስትናው ወረቀት ላይ ግን ቤልታር ነው የሚለው። ልጄ አንብባልኛለች።»

ባርናባስ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። አሥራት ይህን አይቶ ገባበት፦ «ሰባ አንዱንም የነቀልኩት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው፤ ግን ነቅያለሁ። ለመመስከር ነው የመጣሁት።»

ባርናባስ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ። «ነቃዩ አንተ። ደፋኙ አንተ። እሳቸው ሲጠይቁ ‹ቀለም ነው› ያልከውም አንተ። እኔ ‹ቀለም ነው› ስል ሰምተኸኛል?»

አልሰማውም ነበር። እውነት ነው፤ ያን ቀን ባርናባስ ስለ ሁለቱ ነጥቦች አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አሥራት አንገቱን ደፋ።

«እሱ ያለኝን አውቃለሁ፤ እሱም ነግሮኛል» አሉ ኦቦ ዱቤ። «እኔ የምጠይቅህ ዝም ያልከውን ነው።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሦስት ሳምንት ተጓተተ። በመጨረሻ አንድ ሳጥን ውስጥ የቀረ አዲስ የሺንላ ፓምፕ ተገኝቶ ለብዙነሽ ተገጠመላት። ኦቦ ዱቤ «ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ተደረገ፤ ደከመኝ ብለው ፈረሙ። አሥራት ደግሞ የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው «ያለ ፈቃድ የድርጅቱን ተሽከርካሪዎች አርማ በማንሳት» ይላል። ሀሰኖ አንብቦት በንዴት ሊከስስለት ተነሳ። አሥራት ግን «ተወው» አለ።

«እንዴት ተወው? ፈቀደ አይደለም ያዘዘህ?»

«ሀሰኖ፣ ሌሎቹን ሰባውን ማን እንደገዛቸው ታውቃለህ?»

«በምን አውቃለሁ? ብታውቅስ፣ ደውለህ ምን ልትላቸው ነው?»

አሥራት ምን እንደሚላቸው አላወቀም። እስከ ዛሬም አያውቅም።

ያን ቀን ለብርቅዬ ነገራት። እሷ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«በወንዝ በኩል የምትዞረው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔስ?» አለችው። «እኔ በየትኛው በኩል ልዙር? እድር ላይ ከብዙነሽ ጎን ነው የምቀመጠው። ልጆቼን ሦስት ሳምንት ያበላች ልጅ ናት። ይሄን ሁሉ ጊዜ እየሳቅኩ ሰላም ስላት፣ እሷ እያወቀች፣ እኔ ሳላውቅ!» ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ለብዙ ቀን አልተናገረችም።

ክረምቱ ሳይገባ ወደ ሱሉልታ ሄዱ። በጫንጮ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ባትላሜራ ጀመረ። ሥራ አላጣም። ሲሄዱ ኦቦ ዱቤን ተሰናብቷቸዋል፤ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አቀኑት፤ «ልጆቹን አምጣልኝ» ብቻ አሉት። ልጆቹን ሳሟቸው። ብዙነሽ ቤት ውስጥ ነበረች፤ አልወጣችም። ኦቦ ዱቤ ትምህርት ቤት ተመልሰው ፊደል ማስጀመራቸውን አሥራት የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

በ2009 መስከረም መጨረሻ እንደገና አገር ታመሰ። በሰበታ በኩል ፋብሪካ እየነደደ ነው ተባለ። አሥራት ለኦቦ ዱቤ መደወል ፈልጎ ስልኩን እያነሳ ያስቀምጠዋል። «ምን ብዬ?» ይላል። ብርቅዬ «ደህና ናችሁ ወይ ማለት ያቅትሃል?» ብላ ተቆጣችው፤ እሱ ግን አልደወለም።

የደወሉት እሳቸው ናቸው። አሥራት አንድ ታክሲ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ስልኩ ጮኸ። ስማቸውን ሲያይ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አከም ጂርታ፣ አሥራት? እዚያ ሱሉልታ ሰላም ነው? ልጆቹስ?»

«ፈያ፣ ኦቦ ዱቤ። ሁሉም ደህና ነው። እናንተስ?»

«እኛ ደህና ነን። ጭሱ ነው እንጂ ያስቸገረን።»

ከኋላቸው የሴት ድምፅ ሰማ። ብዙነሽ ናት። «አባዬ፣ ማን ነው?» ስትል በግልጽ ይሰማል።

ኦቦ ዱቤ ትንሽ አመነቱ። «ከሱሉልታ ነው» አሏት።

ስሙን አልጠሩላትም። አሥራት ጆሮው እስኪግል ድረስ ሰማው። እሳቸው ወዲያው ወደ ጨዋታቸው ተመልሰው ስለ ዝናቡ፣ ዘንድሮ ጤፉ ስለያዘው አበባ አወሩለት። እሱም ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ደህና ዋል ብለው እስኪዘጉት ድረስ እንደቆመ አዳመጣቸው።